ሃያ ሁለቱ ክብ ወረቀቶች

አርብ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ኩራ የሚባለው የወፍጮ ሠራተኛ ከጁምዓ ሶላት ተመልሶ ማሽኑን ሊያስነሳ የብረት ደረጃውን ሲወጣ፣ ከታች ድንጋዩ ከሚገለበጥበት የብረት ገንዳ ውስጥ አንድ ጫማ አየ። ሰው የጣለው አሮጌ ጫማ መስሎት ሊሳደብ አፉን ከፈተ። ጫማው ውስጥ እግር ነበረበት።

ኢንስፔክተር ገብረወልድ ሲደርስ ሠራተኛው ሁሉ ከግቢው ግራር ሥር ተኮልኩሎ ነበር። ወፍጮው ከነገሌ ወደ ሻኪሶ በሚወስደው መንገድ፣ ከከተማው መውጫ ላይ የቆመ ሰፊ የቆርቆሮ ቤት ነው። ከሻኪሶ በኩል በአይሱዙ የሚመጣውን ከባዱን ጥቁር ድንጋይ ይፈጫል፣ ያደርቃል፣ በወንፊት ይነፋል፤ ዱቄቱ በጆንያ ተሰፍቶ ወደ ውጭ አገር ይላካል። የከተማው ሰው ስለ ድንጋዩ የሚያውቀው ሁለት ነገር ነው፤ የስልክ ዕቃ እንደሚሠራበትና አንዱን ጆንያ ለማንሳት ሁለት ሰው እንደሚያስፈልግ። ወሩ መጋቢት፣ ዓመቱ 2008 ነበር፤ ዝናቡ ገና አልመጣም፣ ንፋሱም ዱቄቱን ከቤቱ እያወጣ በግራሩ ቅጠል ላይ ይነሰንሰዋል።

ከሴቶቹ መካከል እህቱን በዛብሽን አያት። ጆንያ ሰፊ ናት፤ እዚህ ከገባች አራት ዓመቷ ነው። ሽፋሽፍቷ በጥቁር ዱቄት ከብዷል።

«ማን ነው የሞተው?» አላት።

«ባስልዮስ። ከአዲስ አበባ የሚመጣው አየር ለኪ። ረቡዕ ነው የመጣው።» ሳል አቋረጣት። እስክትጨርስ ጠበቃት፤ ቶሎ አልጨረሰችም።

«ከዚህ ውጪ አላልኩሽም?»

«አሁን ነው እንዴ የምትቆጣኝ? ሰው ሞቶ!»

ገብረወልድ ደረጃውን ወጣ። ከገንዳው በላይ ባለው የብረት መድረክ ዙሪያ አጥር አለ፤ ደረቱ ጋ ደረሰለት። ሰው ቢያዳልጠው እግሩ ሥር ይወድቃል እንጂ የደረት ልክ አጥር አይሻገርም። አስክሬኑ ሲወጣ ደግሞ የሸሚዙ ኮሌታ ከግራም ከቀኝም ተተርትሮ ነበር፤ ሁለት እጅ እንደጨበጠው ሁሉ። ሆስፒታል ሲወሰድ ያየው ሐኪም አናቱ ከገንዳው ብረት እንደተጋጨና ወዲያው እንደሞተ ተናገረ።

በመድረኩ ላይ አንዲት ትንሽ ጠረጴዛ ነበረች። በላይዋ አየር የሚስብ ፓምፕ፣ ወረንጦ፣ በውስጡ ፖስታዎች የተደረደሩበት የቆርቆሮ ሳጥንና ደብተር። የፓምፑ አፍ ባዶ ነው፤ ማብሪያው ጠፍቷል። ረዳቱ ሳጅን ሞሉ አንዱን ፖስታ ከፍቶ የብርጭቆ አፍ የምታክል ክብ ወረቀት አወጣ። አንድ ፊቷ ነጭ፣ ሌላው ፊቷ በስሱ ጥቁር ነው።

«ይኼን ለመሰብሰብ ነው ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣው ጌታዬ?» አለ ሞሉ። «እኛ ቤት ጣራ ሥር በነጻ ይገኝ የለም እንዴ!»

ገብረወልድ አልሳቀም። የደብተሩን የመጨረሻ ገጽ እያነበበ ነበር። «የቀድሞው ልኬ ሐሰት ነው። አቧራው ራሱ ይሸፍነዋል። ስምንት ሰዓት ሳይሆን ዐሥር ደቂቃ። ከማንም በፊት በአካል ሄጄ መናገር አለብኝ።»

የገባው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰውየው ይህን ወፍጮ ንጹሕ ነው ብሎ ፈርሞ ነበር፣ አሁን ግን ሊያፈርሰው መጥቷል። በእነዚህ ወረቀቶች ላይ አንድ ቁጥር አለ። ቁጥሩ ከወጣ ቤቱ ይዘጋል፤ ካልወጣ በዛብሽ ሰኞም ጆንያዋን ትሰፋለች።

*

ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ የወፍጮው ሥራ አስኪያጅ ነቢል በላብ ርሶ ጣቢያው ደረሰ። ወደ ፊልቱ ሲሄድ መንገድ ላይ ስልክ ተደውሎለት ነው የተመለሰው። ተወልዶ ያደገው ከገበያው ሱቆች መሐል ነው፤ ለሁሉም ሰው ፈገግታ አለው።

«አካም ኢንስፔክተር፣ ናጋ ነው? እንዴት ያለ መርዶ ነው የሰማሁት! ዕድል ነው እንግዲህ። አዳልጦት።»

«አዳልጦት መሆኑን ማን ነገረህ?»

«ታዲያ ምን ሊሆን ይችላል?» ዐይኑ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ሳጥን ሄደ። «እነዚህ ወረቀቶች… የድርጅቱ ንብረት ናቸው። አየሩ የእኛ፣ ዱቄቱ የእኛ። ሰውየው ደግሞ በደብዳቤ አልተላከም፤ በገዛ ፈቃዱ ነው የመጣው። አስፈርመህ ብትሰጠኝ—»

«ኤግዚቢት ናቸው።»

«እሺ፣ እሺ። እኔ እንዳይጠፉ ብዬ ነው።» ፈገግ ብሎ ወጣ።

ገብረወልድ በሩ እስኪዘጋ ጠበቀ። የጣቢያውን ቁልፍ የያዙት አራት ሰዎች ናቸው፤ ከአራቱ ሁለቱ የነቢል የቅርብ ወዳጆች መሆናቸውን ያውቃል። ንጹሕ ወረቀት አምጥቶ በቆሸሸው መለወጥ የደቂቃ ሥራ ነው። ስለዚህ የማኅተሙን ሣጥን ከፈተ።

«አንተ ከፖስታው ላይ ሰዓቱን እያነበብክ ጻፍ፤ እኔ አትማለሁ» አለው ለሞሉ። «አንድ በአንድ። ማንም እንዳይቀይራቸው።»

የመጀመሪያዋን ወረቀት ጥቁር ፊቷን ወደ ላይ አድርጎ አስቀመጠ። ማኅተሙ ዱቄቱ ላይ ሲያርፍ ደበዘዘ። አነሳትና ዕፍ አለባት፤ ዱቄቱ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ተበተነ። እንደገና አተመ። አሁን ሐምራዊው ክብ ጥርት ብሎ ወጣ።

«ከ9:10 እስከ 9:20» አለ ሞሉ። «ከ11:30 እስከ 11:40። ከ3:05 እስከ 3:15።»

ዕፍ። ማኅተም። ዕፍ። ማኅተም።

«ሃያ ሁለተኛዋና የመጨረሻዋ፤ ከ12:45 እስከ 7:05። ይቺኛዋ ረዘመች ጌታዬ።»

«ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ አምስት ተክሏታል ማለት ነው። ሰባት ከአምስት ላይ ራሱ አውጥቷታል። እንግዲህ እስከ ሰባት ከአምስት በሕይወት ነበር። የተገደለው ከዚያ እስከ ስምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።» ሁሉንም በአንድ ትልቅ ፖስታ ከቶ በክር አሰረና ቋጠሮውን በሰም አሸገው። በዚያ ቀን በሥራው የረካው ያን ጊዜ ብቻ ነበር።

*

ቅዳሜ ኩራን ጠራው። ረቡዕ ዕለት በሠራተኛው ፊት ባስልዮስን «ይህን ቤት ከዘጋህ እኔ አንተን እዘጋሃለሁ» ብሎት ነበር።

«ብያለሁ» አለ ኩራ። «አምስት ልጅ አለኝ። ምን ልበለው? እልል ልበል?»

«አርብ ከሰባት ከአምስት እስከ ስምንት የት ነበርክ?»

«መስጊድ። በቀኜ የዳቦ ቤቱ ዓብዱሰመድ፣ በግራዬ የባጃጅ ተራ አስከባሪው። ወፍጮው አርብ አርብ ከስድስት እስከ ስምንት ይቆማል፤ አገር ያውቃል። ጫማውን ያየሁትም እኔ፣ የምታሰረውም እኔ?»

ዓብዱሰመድም ተራ አስከባሪውም ቃላቸውን ሰጡ። ኩራ ልክ ነበር። የነቢልም መኪና ስድስት ሰዓት ከሃያ ላይ የፊልቱን መንገድ ኬላ እንዳለፈች በመዝገብ ሰፍሯል፤ ሹፌሩም ኬላ ጠባቂውም አንድ ቃል ናቸው። ገብረወልድ ኬላ ጠባቂውን ሦስት ጊዜ ጠየቀው። ነቢል ቢሆን ደስ ባለው፤ ይህን ከራሱም አልደበቀም።

ከሰዓት በኋላ የጆንያ ክፍሉን አለቃ ጃልዴሳን ከግቢው ግራር ሥር አገኛቸው። ስድሳ የተጠጉ ሽማግሌ ናቸው። በበኩር ልጃቸው ስም ሁሉም «አባ ፋይዳ» ይላቸዋል። ልጁ ፋይዳ እዚሁ ወንፊት ላይ ይሠራ ነበር፤ ባለፈው ኅዳር በሳንባ ሞተ። አሁንም አባ ፋይዳ ናቸው፤ ሌላ መጠሪያ ማን ያወጣላቸዋል?

«ናጋያ፣ አባ ፋይዳ?»

«ናጋ። የመቶ አለቃው ልጅ፣ እናትህ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው። ለባስልዮስ ሦስት ዓመት ሙሉ ፓምፑን ይሸከሙለት የነበሩት እርስዎ ነዎት አሉ።»

«እሸከምለት ነበር። ጥሩ ልጅ ነበር። ውሃ እንኳ ብሰጠው ተነስቶ ነበር የሚቀበለኝ።»

«ጠላት ነበረው?»

ሽማግሌው ወደ ቆርቆሮው ቤት ተመለከቱ። «ቤቱን ሊዘጋ የመጣን ሰው ማን ይወደዋል?»

«አርብ እርስዎስ?»

«ሶላት ላይ። ዘግይቼ ነው የደረስኩት፤ የኋላው ረድፍ ላይ።» ከወፍጮው እስከ መስጊዱ ሩብ ሰዓት ያስኬዳል፤ ቆመው ያያቸው ሰው ደግሞ ሰባት ሰዓት ከሃያ ገደማ ብሎ መስክሮላቸው ነበር፤ ከዚያ እስከ መጨረሻው ከሰው መሐል አልወጡም። ገብረወልድ ደብተሩን ሲዘጋ ቀስ ብለው ጠየቁት፤ «ወረቀቶቹስ? ደህና ናቸው?»

«ታሽገዋል አባ ፋይዳ። ማንም አይነካቸውም።»

«ጥሩ» አሉ። «ጥሩ።»

*

እሑድ በዛብሽ ልብስ ስታጥብ ደረሰ። ከገንዳው የሚፈሰው ውሃ እንደ ቀለም ጥቁር ነበር።

«ሰኞ ወፍጮው ቢከፈት እንኳ አትሄጂም።»

«ማን ይከለክለኛል?»

«እኔ።»

«ልጆቼን አንተ ታበላቸዋለህ? ባለፈው ወር የራስህንስ አብልተሃል?» ከንፈሯን ነከሰች። «ተወኝ ገብሬ፤ ሆድ ብሶኝ ነው። ስማ፤ ባስልዮስ ሐሙስ ዕለት ሴቶቹን ሰብስቦ ‹ቁጥሩን ጠብቁ› ብሎናል። ቁጥሩ ከወጣ ድርጅቱ ሕክምናም ካሳም ሳይሰጥ አያሰናብተንም፤ ሕጉ እንደዚያ ይላል አለን። እንዲሁ ብወጣ ግን በባዶ እጄ ነው፤ ሳሌን ብቻ ይዤ። ቁጥሩ ይውጣ። በወጣ ማግስት መርፌዬን ጥዬ እመጣለሁ። በማርያም።»

«ማክሰኞ ይወጣል። ከመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ እየመጣች ነው።»

«እውነት?»

«ወረቀቶቹ እኔ ጋ ናቸው» አላት። የልብሱን ጫፍ ይዞ አብሯት ጨመቀ።

*

መቅደላዊት ሰኞ ረፋዱ ላይ በአውቶቡስ ደረሰች። ከባስልዮስ ጋር በአንድ ክፍል የሠራች ባለሙያ ናት፤ መቁጠሪያ መሣሪያውን እንደ ሕፃን ታቅፋ ነው የመጣችው። ዐይኗ አብጧል፤ ግን ስትናገር ቃሏን አታባክንም።

ገብረወልድ ደብተሩን አሳያት። «አቧራው ራሱ ይሸፍነዋል ማለት ምን ማለት ነው?»

«ድንጋዩ ውስጥ ጨረር የሚያወጣ ነገር አለ። ጨረሩ አልፋ ይባላል፤ ደካማ ነው፤ አንድ ስስ ወረቀት ያቆመዋል። ከሰው ቆዳ አያልፍም። ዱቄቱን ተንፍሰው ሳንባ ውስጥ ሲያስገቡት ነው አደጋው።» በጣቷ ጠረጴዛው ላይ ክብ ሠራች። «ፓምፑ አየሩን በወረቀቷ ውስጥ ይስባል፤ ዱቄቱ ወረቀቷ ላይ ይቀራል፤ እኛ ጨረሩን እንቆጥራለን። ደንቡ ስምንት ሰዓት ሙሉ ይሳብ ይላል። ንጹሕ ቢሮ ውስጥ ልክ ነው። እንዲህ ባለ ቤት ግን ዱቄቱ በዱቄቱ ላይ ይነባበራል፤ የላዩ የታቹን ይሸፍናል፤ መሣሪያው የላዩን ብቻ ይቆጥራል። ቤቱ በቆሸሸ መጠን ቁጥሩ ያምራል።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ?»

«ሦስት ዓመት ሙሉ። ባለፈው ወር አንዱን አሮጌ ወረቀት ፍቆ ዱቄቱን በስሱ በትኖ ቆጠረው። አምስት እጥፍ ሆነ። ያን ቀን ምሳ አልበላም። ተፍቆ የተቆጠረ ደግሞ በሪፖርት አይገባም፤ እንደገና መለካት ነበረበት። ጠየቀ፤ አልተፈቀደለትም። በዓመት ፈቃዱ መጣ።»

«ዛሬውኑ ብትቆጥሪያቸውስ?»

«አይሆንም። ከመሬት የሚወጣ ጋዝ አየሩ ውስጥ አለ፤ የእሱ ርዝራዥ ወረቀቷ ላይ አብሮ ይለጠፋልና ቁጥሩን ያሳብጠዋል። በአራት ቀን ይከስማል። ነገ ይሞላል። እስከዚያ ባይከፈቱ ይሻላል፤ በየጊዜው በተከፈቱ ቁጥር ይጎዳሉ።»

ሞሉ ከፖስታዎቹ ላይ የገለበጠውን ዝርዝር ከባዶ ፖስታዎቹ ጋር አቀረበላት። አንድ በአንድ እያየች ወረደች፤ የመጨረሻው ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«ይህ ‹7:05› የባስልዮስ ጽሕፈት አይደለም።»

«እንዴት?»

«እኛ በፈረንጅ ሰዓት ነው የምንጽፈው። ያ 9:10 ከጧቱ ሦስት ከዐሥር ነው። ይህ 12:45 ደግሞ በሀበሻ ስድስት ከአርባ አምስት፤ ቀን። ማሽኑ ቆሞ አየሩ ምን ያህል እንደሚጠራ ሊለካ ፈልጎ ይሆናል። 7:05 የጻፈው ሰው ግን የእጅ ሰዓቱን አይቶ በሀበሻ ነው የጻፈው። ስድስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ አይደለም የተሳበችው፤ ሃያ ደቂቃ ናት።»

እውነት ነው፤ ወረቀቷን ያስታውሳታል። ከሁሉም ነጣ ያለችው እሷ ነበረች፤ ለማኅተም እንኳ አላስቸገረችውም። ከንጋት ጀምሮ ተስባ ቢሆን እንደ ከሰል በጠቆረች ነበር።

«ባስልዮስ ዐሥር ደቂቃ ካለ ዐሥር ደቂቃ ነው» አለች መቅደላዊት። «አንድ ደቂቃ ካለፈበት ወረቀቷን ይጥላታል። በስድስት ከሃምሳ አምስት ካላወጣት…»

«በስድስት ከሃምሳ አምስት ሞቶ ነበር» ብሎ ጨረሰላት። «ሁሉንም የጠየቅሁት ከሰባት ከአምስት በኋላ የት ነበራችሁ ብዬ ነው። በወረንጦ አውጥቶ፣ ፖስታ ውስጥ ከቶ፣ ሰዓት መጻፍ የሚያውቅ ማን ነው?»

«የሚረዱት ሽማግሌ አሉ። ‹ከእኔ ይበልጥ ጠንቃቃ ናቸው› ይል ነበር። ልጃቸው ሞተ ብሎ አልቅሷል። አባ… ስማቸው ጠፋኝ።»

ገብረወልድ ተነስቶ ቆቡን ፈለገ። ቆቡ ራሱ ላይ ነበር።

*

ጃልዴሳ በራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ከሞሉ ጋር ሲመጣ ባዩት ጊዜ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሱ።

«ሰባት ከአምስትን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አሉ፤ ገና ሳይጠየቁ። «በኋላ ነው ያሰብኩት። እሱ በሌላ ሰዓት እንደሚጽፍ እያወቅሁ።»

«ለምን አባ ፋይዳ?»

«የቱን ለምን? ወረቀቷን ወይስ ልጁን?»

ሞሉ ደብተሩን አውጥቶ መጻፍ ጀመረ።

«ፋይዳ ሻኪሶ ወርቅ ጉድጓድ ውስጥ ነበር» አሉ። «ጉድጓድ ይናዳል። ላወጣው ፈለግሁ። ባስልዮስን ጠየቅሁት፤ ‹የዚህ ቤት አየር እንዴት ነው?› አልኩት። ቁጥሩን አሳየኝ። ‹አባ ፋይዳ፣ ንጹሕ ነው፤ ያምጡት› አለኝ። ሻኪሶ ድረስ ሄጄ በእጄ ይዤ አመጣሁት። ኅዳር ላይ በእጄ ቀበርኩት። እሺ፤ ሞት ነው ብዬ ዝም አልኩ። ሳንባው ደካማ ነበር አልኩ።»

ሞሉ መጻፉን አቆመ። ገብረወልድ በዐይኑ ጻፍ አለው።

«አርብ ጠራኝ። ፓምፑን ተከለ። ከዚያ ‹ለማንም ሳልናገር ለእርስዎ ልናገር ብዬ ነው› አለኝ። ‹ተሳስቼ ነበር። አቧራው ሸፍኖብኝ ነው። ፋይዳን ያስመጣሁት እኔ ነኝ› አለኝ። ያለቅስ ነበር። ባይነግረኝ ኖሮ…» እጃቸውን አዩት። «ኮሌታውን ያዝኩት። አልታገለኝም። ይህን ጻፍ አንተ ልጅ። እንደ ሕፃን ቀለለኝ። አልታገለኝም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ቆሜ ቀረሁ። ፓምፑ ይጮኻል። ሰዓቱ አልፏል። ወረንጦውን አነሳሁ። በጣቴ አልነካኋትም። ትንፋሼንም ይዤ ነው ያወጣኋት፤ ‹አባ ፋይዳ፣ እፊቷ ላይ አይተንፍሱ› ብሎ አስተምሮኛል።»

ገብረወልድ እዚህ ላይ እጁን ወደ አፉ አነሳና መልሶ አወረደው። ለምን እንዳነሳው ማወቅ አልፈለገም።

«ወረቀቷ ምን አጠፋች?» አሉ ሽማግሌው። «አንድ ነገር ልለምንህ። ቁጥሩ ሲወጣ ንገረኝ። ስንት እንደሆነ። ሌላ አልፈልግም።»

«እነግርዎታለሁ።»

*

ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ መቅደላዊት የገብረወልድን ቢሮ ጠረጴዛ በእርጥብ ጨርቅ ወለወለች፤ መስኮቱን ዘጋች፤ መሣሪያውን ሰካች። ገብረወልድ ሰሙን ሰበረ። እሷ በወረንጦ የመጀመሪያዋን ወረቀት አወጣች።

ለረጅም ጊዜ አየቻት። ሁለተኛዋን አወጣች። ሦስተኛዋን። በሁሉም ላይ ሐምራዊው ክብ ጥርት ብሎ ታትሟል፤ በክቡ ውስጥ ደግሞ ወረቀቷ ንጹሕ ነጭ ናት።

«ይህን ማን አደረገው?»

«እኔ። እንዳይቀየሩ።»

«ዱቄቱስ የት ሄደ?»

«ማኅተሙ አልይዝ ሲለኝ…» አፉ እንደዚያን ቀኑ ሾለ።

መቅደላዊት ተቀመጠች።

«ሁሉንም?»

«ሃያ ሁለቱንም።»

«የቀረችውን ቁጠሪያት፤ ትንሽም ብትሆን—»

«ብቆጥራት ቁጥር ይወጣል። ዝቅተኛ ቁጥር። ሥራ አስኪያጁ ያን ይዞ ‹ይኸው እንደገና ተለክቶ ንጹሕ ሆነ› ይላል። ስንት እንደበነነ እርስዎም አያውቁ፣ እኔም አላውቅ። የማላውቀውን አልፈርምም፤ እሱ አንድ ጊዜ ፈርሞ የሆነውን አይተዋል።» ወረንጦውን አስቀመጠች። «ደብዳቤ እጽፋለሁ። ያለ ቁጥር ግን ማን ያነበዋል? መዝገብ ላይ ያለው ያለፈው ዓመት ሪፖርት ነው። ንጹሕ ይላል። በባስልዮስ ፊርማ። የሦስት ዓመቱ ልኬት ተዘግቷል፤ የሚቀጥለው ተራው የሚደርሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።»

«ፋይዳንስ የገደለው ይኸው ነው?»

«ሦስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ? ጨረሩ ይሁን አቧራው ወይም ሌላ ሕመም፣ ማንም ሊነግርዎ አይችልም። ባስልዮስም አያውቅም ነበር። እያወቀ አይደለም ‹እኔ ነኝ› ያለው።»

*

የእስር ቤቱ መስኮት ትንሽ ናት። ጃልዴሳ ድምፁን ሲሰሙ ቀርበው ቆሙ።

«ወጣ?»

«አልወጣም አባ ፋይዳ። አይወጣም። ወረቀቶቹ ተበላሽተዋል።»

«ማን አበላሻቸው? ነቢል?»

ገብረወልድ አዎን ለማለት አንድ ትንፋሽ ብቻ ነበር የቀረው። ማንም አያጣራም።

«እኔ ነኝ» አለ። «ማኅተም ላትምባቸው ብዬ ዕፍ አልኩባቸው።»

ሽማግሌው እጃቸውን በብረቱ መሐል አወጡ። ገብረወልድ አልሸሸም። እጃቸው ኮሌታው ጋ ደረሰ፤ የደንብ ልብሱን ጨርቅ በሁለት ጣት ያዝ አድርገው እንደ ገበያተኛ ዳሰሱትና ለቀቁት።

«እሱም እንዲሁ ነው ያለኝ» አሉ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀመጡ።

*

ቢሮው ሲመለስ ነቢል ቆሞ እየጠበቀው ነበር። በአንድ እጁ የባስልዮስን የአምና ሪፖርት፣ በሌላው ወፍጮው እንዲከፈት የሚፈቅድ በታይፕ የተጻፈ ደብዳቤ ይዟል።

«ገዳዩ ተይዟል፤ ቃሉንም ሰጥቷል አሉኝ። አላህ ለሁሉም ያቅልል። እንግዲህ ቤቱን ዘግቶ የሚያቆይ ምክንያት የለም አይደል? ስልሳ ሰባት ቤተሰብ ነው ኢንስፔክተር። የሁሉም እንጀራ።»

ገብረወልድ ደብዳቤውን አነበበ። አንዲት ምክንያት ፈለገ፤ አነስተኛ፣ ለአንድ ሳምንት የምትበቃ። ቦታው ተመርምሯል፤ ፎቶ ተነስቷል፤ ተጠርጣሪው ታስሯል። ሁሉም በደንቡ ተሠርቷል። የሠራው እሱ ነው።

ፈረመ። ማኅተሙን ከሣጥኑ አውጥቶ መታበት። ሐምራዊው ክብ ላይ ደቃቅ ጥቁር ነጠብጣቦች ተጣብቀው ወጡ፤ ከማኅተሙ ላስቲክ ላይ የቀሩ ነበሩ።

ነቢል ደብዳቤውን አንስቶ አየው። «አቧራ» አለና ዕፍ አለበት። አጥፎ ኪሱ ከተተው።

በመስኮቱ በኩል በዛብሽ ከበሩ ባሻገር ባጃጅ አቁማ ስትጠብቅ ትታየዋለች። አየችው። ከሩቅ አገጯን ከፍ አድርጋ ጠየቀችው፤ ወጣ?

ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

ጥቂት ቆማ አየችው። ከዚያ ሻርፗን ከአንገቷ ላይ ሳብ አድርጋ አፍና አፍንጫዋን አሰረች፤ ጎንበስ ብላ ባጃጁ ውስጥ ገባች። ስምንት ሰዓት ሲሆን ከከተማው መውጫ በኩል ወፍጮው ሲነሳ ተሰማ።